ደቻቱና ጎረቤቶቹ

ድሬዳዋ የገባሁት በበጋ ነበር። ደቻቱን ለማየት ድልድዩ ላይ ቆሜ ቁልቁል ብመለከት ውሃ የሚባል የለም፤ አሸዋ ብቻ ነው። በአሸዋው ላይ መንገደኛ ይሻገራል፣ ልጆች ኳስ ያንከባልላሉ፣ ሸቀጥ ተዘርግቷል። «ወንዙ የታለ?» ብዬ አጠገቤ የቆመውን ወጣት ብጠይቀው ሳቀብኝ። «አቦ፣ እሱ እኮ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ታየዋለህ» አለኝ።

እንግዳው ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የመጣው በተኙ ሰዎች ላይ ነው። በሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዝናብ ቁልቁል ወርዶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ፤ በሺህ የሚቆጠሩትን ቤት አልባ አደረገ። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ጎርፉ ዳግም ሕይወት ቀጠፈ። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይባላል፤ ደቻቱ ግን ማሳሳቂያ ጊዜ እንኳ አይሰጥም። ታዲያ ሰዎቹ ለምን ለቀው አይሄዱም? እኔም ይህንኑ ጥያቄ ከአዲስ አበባ ይዤ ነበር የሄድኩት።

መልሱ የሚጀምረው ከከተማዋ ልደት ነው። የጅቡቲው ባቡር መጀመሪያ የታሰበው ወደ ሐረር ነበር። ተራራው ግን አስቸጋሪና ወጪ የሚያበዛ ስለሆነ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ካለው ሜዳ ደረሰ። ያ ሜዳ ደግሞ ጎርፍ ለዘመናት አፈርና አሸዋ እያወረደ ያነጠፈው ነው። በወንዙ አንድ ወገን ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችና የዛፍ ጥላ ያሉት ከዚራ ተተከለ፤ በሌላው ወገን ነጋዴው ጠባብ ጠባብ መንገድ ያለውን መጋላን ሠራ። በመሃል ያለው ደረቅ ወንዝ ለሁለቱም መተላለፊያና መገበያያ ሆነ። ዘግይቶ የመጣው ገንዘብ የሌለው ሰው ያገኘው ሌላው ያልፈለገውን ቦታ፣ የወንዙን ዳር ነው።

ከወንዙ ዳር እንጀራ የሚሸጡ አንዲት እናት ዘንድ ቁጭ ብዬ ጥያቄዬን አቀረብኩ።

«ልጄ፣ ጎርፉ የመጣው አንድ ሌሊት ነው፤ እኔ እንጀራ የምሸጠው በየቀኑ ነው» አሉኝ። «ራቅ ብዬ ብሄድ የባጃጁን ማን ይከፍልልኛል? ስሞትስ ዕድሬ የት ሆኖ ይቀብረኛል?»

እዚህ ላይ ፎገራ ትዝ አለኝ። ርብና ጉማራ በክረምት እየሞሉ ጣና ዳር ባለው ሜዳ ላይ ይተኛሉ። ገበሬው ግን አይሸሽም፤ ውሃው ደለል ያመጣለታል፣ ሩዙም ውሃ በተኛበት መሬት ይበቅልለታል። የሚጎዳውም የሚያበላውም ያው ወንዝ ነው። የደቻቱ ስጦታ ደለል አይደለም፤ ገበያና ጎረቤት ነው።

እነዚህ ሰዎች አደጋውን ሳያውቁ የተቀመጡ አይደሉም። አንዱን ሌሊት ከሺህ ቀናት ጋር መዝነው ነው የቀሩት። ሆኖም ይህን «ምርጫ» ብሎ ማለፍ ይከብደኛል፤ ሚዛኑን የያዘው የቤት ኪራይና የመጓጓዣ ዋጋ ነውና። ከገበያውና ከዕድሩ የራቀ አዲስ ቤት መስጠት ብቻውን ሰውን አያርቅም፤ ቀን ቀን ወደ አሸዋው ይመልሰዋል። መሄድ ላልቻለ ሰው ደግሞ ቢያንስ የዝናቡ ወሬ ከጎርፉ ቀድሞ ሊደርሰው ይገባል።

ስሰናበታቸው እኚህ እናት አንድ ምክር ሰጡኝ። «እዚህ ስትሆን ሰማዩን አትመልከት፤ ተራራውን ተመልከት። ዝናቡ እዚያ ነው የሚጀምረው።»

ወደ ማረፊያዬ ስመለስ ድልድዩን ትቼ እንደ ሰዉ በአሸዋው ተሻገርኩ። መንገዱ አጭር ነው። ከወንዙ መሃል ስደርስ ግን ሳላስበው ቆም ብዬ ወደ ደንገጎ ተራሮች ቀና አልኩ።