ወባና የደጋው ገበሬ

ከአዘዞ አንዱ መንገድ በቆላ ድባ በኩል ወደ ደምቢያ ሜዳ፣ ሌላው ወደ መተማ ቆላ ይወርዳል። የወባን ታሪክ ለሚመረምር ባለሙያ ሁለቱም ብዙ ያስተምራሉ።

ከ1950 ዓ.ም. ክረምት እስከ 1951 ዓ.ም. በአገራችን የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ለከፈና 150 ሺህ ያህሉን እንደ ገደለ ይገመታል። ይህን ያህል የበረታው በትንኝ ብዛት ብቻ አልነበረም። ቆለኛው ከልጅነቱ ጀምሮ በየጊዜው ስለሚታመም በሕይወት የተረፈው ከፊል የመከላከል ኃይል ያገኛል፤ ደገኛው ግን ይህ የለውም። ስለዚህ በሽታው ከሕፃናት አልፎ ጎልማሳውን ገበሬ ጣለ። የወባ ብርቱ ወራት ከአዝመራ መሰብሰቢያ ጋር ስለሚገጥሙም አባወራው ሲተኛ እህሉ በማሳ ይቀራል፤ ሕመምን ችጋር ይከተለዋል።

ዛሬም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ የሚወርደው የደጋ ሠራተኛ ያንኑ አደጋ ይጋፈጣል። እንግዲህ ትኩሳት ይዞት የመጣውን ሕመምተኛ «ከወዴት ተመለስህ?» ብሎ መጠየቅ የምርመራችን መጀመሪያ ሊሆን ይገባዋል።