ክሽፈት፦ እሳቱን የሳተ ሲሊንደር

"ሚስፋየር" የሚለው ቃል በየጋራዡ ከተለመደ ቆይቷል። ሞተሩ በሚኒሞ ሲንዘፈዘፍ፣ ነዳጅ ሲሰጠው ሲቆራርጥ፣ ዳገት ላይ ጉልበት ሲያጣ መካኒኩ "ሚስፋየር አለው" ይላል። የፍንዳታ ድምፅ ከተጨመረበት ደግሞ "ይተኩሳል" ወይም "ባክፋየር ያደርጋል" ይባልና ሁለቱ እንደ አንድ በሽታ ተጠቅልለው ይታያሉ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አንደኛው መነሻ፣ ሌላኛው ብዙ ጊዜ የዚያ ውጤት ነው፤ ውጤቱን እያሳደዱ ዕቃ መቀየር ደግሞ፣ በተለይ በስፖርት መኪና ላይ፣ ኪስ ያራቁታል።

ሚስፋየርን "ክሽፈት" እንበለው። ቃታ ተስቦ ጥይቱ ሳይተኩስ ሲቀር "ከሸፈ" እንደምንለው ነው። በሲሊንደር ውስጥም የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ገብቶ፣ ታምቆ፣ የሚቀጣጠልበት ቅጽበት ደርሶ ሳይቀጣጠል ወይም በከፊል ብቻ ተቃጥሎ ካለፈ ከሸፈ ማለት ነው። ባክፋየርን "የኋሊት ፍንዳታ" ብለን እሳቱ ወደ አየር መግቢያው ተመልሶ ለሚፈነዳበት ጊዜ ብቻ እናቆየው። በጭስ ማውጫው በኩል ለሚሰማው "የማርሚታ ፍንዳታ" ይበቃዋል። ይህ ልዩነት ለምርመራው ግማሽ መንገድ ነው፤ ምክንያቱም ድምፁ የወጣበት አቅጣጫ ጥፋቱን የሚፈልጉበትን ቦታ ይለውጣል።

ነገሩን ከ1978 እስከ 1983 በተሠራው ፖርሸ 911 ኤስሲ ላይ እንየው። ሞተሩ ባለ 3 ሊትር፣ በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ሲሊንደር የተጋደመበት፣ ከኋላ የተቀመጠና በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። ቮልስ ሲፈታ ላደገ መካኒክ አቀማመጡ እንግዳ አይሆንበትም፤ ዘራቸው አንድ ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ይተኩሳል። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር አንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 50 ጊዜ መቀጣጠል አለበት ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ጥቂቶቹ ሲከሽፉ ሹፌሩ የሚያውቀው ጉልበቱ በመቀነሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። በሚኒሞ ግን መክሸፉ በመቀመጫው ሳይቀር ይሰማል።

የዚህ መኪና ነዳጅ አሰጣጥ ቦሽ የሠራው ኬ-ጀትሮኒክ ነው። "ኬ" በጀርመንኛ "ያለማቋረጥ" የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ነች፣ ሥራውም እንደ ስሙ ነው፤ ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ስድስቱም መርጫዎች ሳያቋርጡ ቤንዚን ይረጫሉ። የሚገባው አየር አንድ ክብ ሳህን ያነሳል፤ ሳህኑ በተነሳው ልክ ቤንዚኑ ይመጠናል። በመሠረቱ ኮምፒውተር አያስፈልገውም።

ከዚህ አሠራር ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። መጀመሪያ፣ እሳት ያጣ ሲሊንደርም ነዳጁ አይቀርበትም። ያልተቃጠለው ቤንዚን በጭስ ማውጫው በኩል ይወጣና ከጋለው ቧንቧና ከአየር ጋር ሲገናኝ እዚያ ይፈነዳል። ስለዚህ የማርሚታ ፍንዳታ ከመንዘፍዘፍ ጋር ከመጣ ቅድሚያ የሚፈተሸው የእሳቱ ወገን ነው፦ ካንዴላ፣ የካንዴላ ገመድ፣ ዲስትሪቢዩተር፣ ቦቢና።

ሁለተኛው ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። ከሳህኑ ካለፈ በኋላ በማንኛውም ስንጥቅ ሾልኮ የሚገባ አየር አይለካም፤ አየሩ ሲጨምር ቤንዚኑ ባለበት ይቀራል፣ ድብልቁም ይሳሳል። ቤንዚን በደንብ የሚቃጠለው ለአንድ ኪሎ 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ሲደርሰው ነው። ከዚያ በጣም የሳሳ ድብልቅ ቀስ ብሎ ይቃጠላል፤ አንዳንዴም ጭሱ ወጥቶ የሚቀጥለው የመግቢያ ቫልቭ ሲከፈት እሳቱ ገና አልጠፋም። ያን ጊዜ ነበልባሉ በተከፈተው በር ወደኋላ ይሮጣል። የኋሊት ፍንዳታ ማለት ይኸው ነው።

በዚህ ሞተር ላይ ደግሞ ወደኋላ የሮጠው ነበልባል የሚያገኘው የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ከሞተሩ በላይ የተቀመጠው የአየር ሳጥን በቀዝቃዛ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጭበታል፤ ሊቀጣጠል በተዘጋጀ ጋዝ ተሞልቷል። አንድ የኋሊት ፍንዳታ ሳጥኑን ይሰነጥቀዋል። በስንጥቁ አየር ይገባል፣ ድብልቁ ይበልጥ ይሳሳል፣ ክሽፈቱ ይበዛል፣ ቀጣዩ ፍንዳታ ይቀርባል። ሞተሩ ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል፣ ወይም ጭራሽ እምቢ ይላል። ባለቤቱ ካንዴላ ይቀይራል፣ ገመድ ይቀይራል፣ ቦቢና ያስመጣል፤ ስንጥቁ ግን ከላዩ ላይ በተደራረቡት ቧንቧዎች ሥር ተደብቆ ይኖራል።

ለዚህ መኪና ባለቤቶች ከተገኙ መፍትሔዎች እጅግ የምወደው ቀላሉ ነው። ሳጥኑ ላይ ቀዳዳ ተቆርጦ በስፕሪንግ የሚዘጋ ክዳን ይለጠፍበታል። ፍንዳታ ሲመጣ ክዳኑ ብድግ ብሎ ግፊቱን ያስተነፍሳል፣ ከዚያ ተመልሶ ይዘጋል። ሳጥኑን መተካት ብዙ ዕቃ መፍታት የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ ይህች ክዳን ዋጋዋን በአንድ ፍንዳታ ትመልሳለች። መኪናው ሲቀዘቅዝ ነዳጅ ሳይሰጡ ማስነሳትም ይረዳል።

አየር መሾለኩን ለማወቅ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን መክፈት ነው። በዚህ ሞተር የዘይቱ ወገን ከአየር መግቢያው ጋር ይገናኛል፤ ስለዚህ ጤነኛ ከሆነ ክዳኑ ሲከፈት ሞተሩ ይደናገጣል፣ ሊጠፋም ይቃጣዋል። ምንም ለውጥ ካላሳየ አየሩ ቀድሞ በሌላ ቦታ እየገባ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የአየር ሳጥኑን፣ የጎማ ቧንቧዎቹንና ጓርኒሲዮኖቹን አንድ በአንድ መመርመር ይቀጥላል።

ክሽፈቱ የአንድ ሲሊንደር ነው ወይስ የሁሉም? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ምንም ዕቃ አይገዛ። የሁሉም ከሆነ ጥፋቱ ሁሉም በሚጋሩት ነገር ላይ ነው፦ የነዳጅ ግፊት፣ የአየር ፍሳሽ፣ ቦቢና። የአንዱ ከሆነ ጥፋቱ ከዚያ ሲሊንደር አይርቅም። መለያው ታይሚንግ ላይት ነው። የመብራቱን መቆንጠጫ በአንደኛው የካንዴላ ገመድ ላይ አድርጎ ብልጭታውን መመልከት፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ማለፍ። ብልጭታው እየዘለለ ከሆነ እሳቱ እዚያ ገመድ ላይ አልደረሰም። ብልጭታው የተስተካከለ ሆኖ ሲሊንደሩ ከከሸፈ ግን ካንዴላው፣ ነዳጁ ወይም ኮምፕሬሽኑ ይጠረጠራል። ገመዱን በእጅ እየነቀሉ መሞከር በዚህ መኪና ላይ አይደረግም፤ ለቦቢናው ኃይል የሚሰጠው የእሳት ሳጥን በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚያጠራቅም ሰው ሊገድል ይችላል።

መኪናው "ከሰርቪስ ከወጣ ወዲህ ነው የጀመረው" ከተባለ ደግሞ ከሁሉ በፊት የገመዶቹ ቅደም ተከተል ይታይ። የዚህ ሞተር የመተኮስ ተራ 1-6-2-4-3-5 ነው፤ ከ1 እስከ 3 ያሉት በግራ፣ ከ4 እስከ 6 ያሉት በቀኝ ናቸው። ሁለት ገመድ ከተቀያየረ እሳቱ የመግቢያ ቫልቭ ክፍት ሳለ ሊደርስና የኋሊት ፍንዳታ ሊያመጣ ይችላል።

ካንዴላዎቹ ሲፈቱም በወጡበት ቅደም ተከተል ይደርደሩ፤ ሲደባለቁ ምስክርነታቸው ይጠፋል። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ድብልቁ መወፈሩን፣ የነጣ ጫፍ መሳሳቱን ወይም ግለቱ መብዛቱን ይናገራል። ቤንዚን የሚሸት እርጥብ ካንዴላ ነዳጅ ደርሶት እሳት ያጣ ነው። ኮምፕሬሽንም እግረ መንገድ ይለካ፤ የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ 0.1 ሚሊሜትር ነው፣ ከዚያ ከጠበበ ቫልቩ በደንብ አይገጥምምና ኮምፕሬሽኑ ይቀንሳል።

ነዳጅ ሲለቀቅ ብቻ የሚሰማ የማርሚታ ፍንዳታ ብዙ ጊዜ ከጭስ ማውጫው መጋጠሚያ ይመጣል፤ የላላ መጋጠሚያ አየር ይስብና የተረፈውን ቤንዚን ያቀጣጥለዋል። እንደ ጃጓር ኤፍ-ታይፕ ባሉ አዳዲስ የስፖርት መኪናዎች ደግሞ ይህ ድምፅ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ጥፋት አይደለም።

ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ የቤት መኪናዎች ክሽፈትን ራሳቸው መቁጠር ግድ ሆኖባቸዋል። ኮምፒውተራቸው ከሚመዘግባቸው የጥፋት ኮዶች ፒ0300 ከተለያዩ ሲሊንደሮች የተሰበሰበ ክሽፈት ነው፤ ፒ0301 የአንደኛው፣ ፒ0302 የሁለተኛው፣ እያለ ይቀጥላል። የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ያልተቃጠለው ቤንዚን የጭስ ማጣሪያውን እያቃጠለው ነውና ነዳጅ ቀንሶ መቆም ይገባል። ኮዱ ግን ሲሊንደሩን እንጂ የከሸፈበትን ምክንያት አይነግርም፤ ኮድ አንብቦ ካንዴላ መሸጥ ምርመራ አይባልም።

መኪናችሁን ወደ ጋራዥ ስትወስዱ "ይተኩሳል" ብቻ ብላችሁ አትስጡ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ፣ ነዳጅ ሲሰጠው ነው ወይስ ሲለቀቅ፣ ድምፁ ከአየር መግቢያው ነው ወይስ ከማርሚታው የሚለውን ጽፋችሁ ስጡ። መካኒኩም የከሸፈውን ሲሊንደር ቁጥር ሳያሳያችሁ ዕቃ እንዲቀይር አትፍቀዱ።