ክታብና ክትባት

«ከተበ» ማለት ቀድሞ ጻፈ ማለት ነበር። ከዚህ ከአንድ ሥር ሁለት ቃላት በቅለዋል፤ እናት በልጇ አንገት ላይ የምታስረው ክታብ፣ በልጇ ክንድ ላይ የምታስወጋው ክትባት። ሁለቱንም የወለደው አንድ ፍርሃት ነው።

ይህን እንዳስብ ያደረጉኝ አዳማ ውስጥ በምሠራበት ባንክ መስኮት ፊት የቆሙ አንድ የመቂ አዛውንት ናቸው። የመታወቂያቸው ፎቶግራፍ ደብዝዞ ከፊታቸው ጋር ለማመሳከር ተቸገርሁ። እርሳቸው ግን ፈንጣጣ ያጎደጎደውን ጉንጫቸውን በጣታቸው ነክተው፣ «ልጄ፣ ፎቶው ቢጠፋ ይህ አይጠፋም» አሉኝ።

በዚያው ሳምንት ልጃችን 45 ቀን ሊሞላት ነበር። እናቴም «ደህና ጠብታ ደህና የምታድር ልጅ ስለ ምን በመርፌ ትወጋለች? ትኩሳቱንስ እንዴት ትችለዋለች?» እያለች ነበር።

የእናቴ ጥያቄ የቆየ ጥያቄ ነው። አያቶቻችን ዘመናዊ ሕክምና ከመምጣቱ በፊት ፈንጣጣን በፈንጣጣ መከላከል ያውቁ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ልማዱን አይቶ ጽፎታል፤ ከታማሚ ቁስል የተወሰደው መግል በምላጭ በተበጣ የጤነኛ ክንድ ላይ ይደረግ ነበር። የተከተበው ብዙውን ጊዜ በቀላሉ ታምሞ ይድናል። አንዳንዱ ግን ይሞታል፤ ሌላውም በሽታውን ለጎረቤቱ ያሻግራል። እንግዲህ ደህና ልጁን ለምላጭ ያቀረበ ወላጅ ምን ያህል እንደ ተጨነቀ አስቡት። ኤድዋርድ ጄነር እ.ኤ.አ. በ1796 የሞከረው የላም ፈንጣጣ ክትባት ያመጣው ለውጥ ይህን አደጋ እጅግ ማሳነሱ ነው።

በሀገራችን ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ የተጀመረው በጥር 1963 ዓ.ም. ነው። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ታማሚዎች ተመዘገቡ። ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ ሲደርሱ ግን በጎጃምና በበጌምድር አንዳንድ መንደሮች እምቢ አሏቸው። ይህን ድንቁርና ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ በመካከላችን የነበረው ፈንጣጣ ቀለል ያለው ዓይነት ሲሆን የሚገድለው ከመቶ አንድ ያህሉን ነበር። የለመደውን በሽታ የማይፈራ ሰው ያልለመደውን መርፌ ቢፈራ ምን ይደንቃል? ዘመቻው የተሳካው እያንዳንዱን ታማሚ ፈልጎ፣ በዙሪያው ያሉትን በመከተብ ነው። የመጨረሻዋ ታማሚ ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን፣ ዲሞ በምትባል መንደር የተገኘች የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረች።

በዓለም ላይ በተፈጥሮ በተዛመተ ፈንጣጣ የመጨረሻው ታማሚ ደግሞ በጥቅምት 1970 ዓ.ም. የተገኘው የሶማሊያው አሊ ማኦ ማሊን ነው። የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ሳለ መርፌው እንዳያመው ፈርቶ ሳይከተብ ቀርቶ ነበር። ከዓመታት በኋላ በፖሊዮ ዘመቻ ተሰልፎ ለሚያመነቱ ወላጆች ታሪኩን ይነግር ነበር፤ ፍርሃታቸውን ስለሚያውቀው ሰሙት።

ፈንጣጣ መጥፋቱ በታወጀበት በዚያው እ.ኤ.አ. 1980 ኢትዮጵያ ሕፃናትን ከስድስት በሽታዎች የመከተብ ፕሮግራም ጀመረች፦ ከሳንባ ነቀርሳ፣ ከፖሊዮ፣ ከዘጋኝ አናዳ፣ ከትክትክ፣ ከመንጋጋ ቆልፍና ከኩፍኝ። ዛሬ ዝርዝሩ ረዝሟል።

በ45 ቀኗ ልጄን ወሰድናት፤ እናቴም አብራን ሄደች። ነርሷ ጥያቄዋን ሳትቆጣ ሰማቻት። «ትኩሳቱ ሰውነቷ በሽታውን መከላከል ሲማር የሚመጣ ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ይበርዳል፤ ካልበረደ ወይም ጡት እምቢ ካለች ሳትቆዩ አምጧት» አለቻት። ከዚያም በካርዱ ላይ ቀኑን ጻፈች።

ሌሊቱን ልጅቷ አተኮሰች። እናቴ ግንባሯን እየዳሰሰች አደረች። ሲነጋ ትኩሳቱ በርዶ ነበር። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ካርዱን ግን ከሣጥኗ ከራሷ ክታብ ጎን አኖረችው። ከዚያ «ቀጣዩ መቼ ነው?» አለችኝ።