አውሬዎቹን ማን ፈራቸው?
የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ቴአትር መከልከልና ለእኛ ለስደተኞቹ የተወው ትምህርት

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። በዚህች በሜልበርን ከተማ በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል አንድ ቴአትር እናዘጋጅ በተባለ ቁጥር ከድርሰቱ ይልቅ የሚያከራክረን ሌላ ሌላው ነው። የትኛው ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል? ቄስ ሆኖ የሚጫወተው ሰው ጥምጥም ይጠመጥማል፣ መስቀል ይይዛል ወይስ ነውር ነው? ጾም ሳይገባ ይታይ ወይስ ከፋሲካ በኋላ ይሁን? በየትኛው ቋንቋ? የእነ እገሌ ወገን ካለበት እኛ የለንበትም! ይህን ሁሉ ስደት ያመጣብን ጣጣ አድርገን የምንቆጥረው ብዙዎች ነን። ታሪኩን ወደ ኋላ ሄደን ስንመረምር ግን የኢትዮጵያ ቴአትር ከፖለቲካና ከሃይማኖት ጋር የተላተመው ገና ዓይኑን በገለጠበት ሰዓት ነበር። (ከዚህ በታች «እ.ኤ.አ.» ያላልንበት ዘመን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

የላ ፎንቴን ተረት በአዲስ አበባ

የዘመናዊው የኢትዮጵያ ቴአትር አባት የሚባሉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1876 ዓ.ም. ተወለዱ። ገና ብላቴና ሳሉ ከአድዋ ድል በኋላ ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ መኮንንነት ትምህርት ተምረዋል። ቴአትር ምን እንደሆነ ያወቁትም በዚያው በአውሮፓ ቆይታቸው ነው። አገራቸው ሲመለሱ ሹሙና መኳንንቱ መዝናኛ ብሎ የሚያውቀው የአዝማሪውን ዘፈንና ውዝዋዜ መሆኑን አዩ። ሰው እየሳቀ ራሱን የሚያይበት ነገር ያስፈልጋል ብለውም «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ድርሰታቸውን ጻፉ።

መነሻ ያደረጉት የፈረንሳዊውን የላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች ነበር። ይህ ነገር ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ከላ ፎንቴን ተረቶች አንዱ በአራዊት አገር ቸነፈር ስለ መግባቱ ይናገራል። አንበሳው «በማን ኃጢአት እንደሆነ እንድናውቅ ሁላችንም እንናዘዝ» ይላል። በጎችንና እረኛውን ሳይቀር እንደ በላ ሲናዘዝ አሽከሮቹ «ይህማ ለበጎቹ ክብር ነው» ይሉታል። በመጨረሻ ግን ከመነኮሳት መስክ ጥቂት ሣር የነጨችው አህያ ናት ጥፋተኛ ሆና የምትፈረድባት። እኛስ የአንበሳውን፣ የነብሩን፣ የጅቡንና የአህያይቱን ኑዛዜ በልጅነታችን እሳት ዳር ተቀምጠን አልሰማነውም? አገሩና ቋንቋው ይለያይ እንጂ ፍርዱ አንድ ነው፤ ሥጋ የበሉት በነጻ ይሄዳሉ፣ ሣር የበላችው ትበላለች።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ተረት ከእሳት ዳር አንሥቶ በአዲስ አበባ በአዳራሽ፣ በመኳንንቱና በሹማምንቱ ፊት ማቅረብ ምን እንደሚያስከትል መገመት አያዳግትም። ተረት በቤት ሲነገር ጅቡ ጅብ ነው። መድረክ ላይ ሰው ሆኖ ሲቆምና ሲናገር ግን ተመልካቹ «ይህስ እገሌን አይመስልም?» ማለቱ አይቀርም። ከፊት ወንበር የተቀመጠው ሹም ራሱን አወቀ። ጨዋታው ጉቦንና የአስተዳደሩን ብልሹነት የሚነቅፍ መሆኑ ወዲያው ታወቀና ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ እንዳይታይ ከለከሉ። ክልከላው በአንድ ድርሰት ላይ ብቻ ሳይወሰን ንግሥቲቱ እስኪያርፉ ድረስ የቴአትር ነገር ተዳፍኖ ቆየ።

ቤተ መንግሥትና ቤተ ክህነት

ንግሥቲቱን ብቻ መውቀስ ግን ታሪኩን ማሳነስ ይሆናል። ዘውዲቱ ዙፋን ላይ የወጡት በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከክርስትና ወጥተዋል ተብለው ከተሻሩ በኋላ ነው። የፖለቲካው ክርክር በሃይማኖት ቃል ተከሶ በሃይማኖት ቃል የተፈረደበት ዘመን ነበር። በአንድ በኩል አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪና ውጭ አገር ተምረው የመጡት ወጣቶች፣ በሌላ በኩል የአባቶቻችን ሥርዓት አይነካ የሚሉት ትልልቆቹ መኳንንትና ካህናት ይተያዩ ነበር። ተክለ ሐዋርያት ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ አውሬዎቹ መድረክ ላይ ሲወጡ የታዩት እንደ ጨዋታ ሳይሆን እንደ አንድ ወገን ጦር ነው።

በሃይማኖቱም በኩል እንቅፋቱ ቀላል አልነበረም። ቤተ ክርስቲያናችን ትርኢት የማታውቅ ሆና አይደለም። ማሕሌቱ፣ ጽናጽሉ፣ ሽብሸባው፣ የጥምቀትና የመስቀል በዓል ከየትኛው ቴአትር ያንሳል? ቅኔውስ ቢሆን ሰሙን አሳይቶ ወርቁን የሚሸሽግ አይደለምን? ነገር ግን ያ ሁሉ ለእግዚአብሔር ምስጋና የሚቀርብ ነው። ለዓለም ጨዋታ የሚቆመው ሰው ስሙ «አዝማሪ» ነበር። ዘፋኝነት በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ከስካርና ከመግደል ጋር ተደርድሮ የሚነበብ ቃል ነው። የጨዋ ልጅ ሰው ፊት ቆሞ ሌላ ሰው መስሎ መናገሩ ውርደት፣ ሴት ልጅ ከሆነችማ ነውር ነበር። በዚህም የተነሣ ለብዙ ዓመታት የሴቷን ቦታ ወንድ ቀሚስ ለብሶ ሲጫወት ኖሯል። ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ የሆነችው አስናቀች ወርቁና ጓደኞቿ መድረክ ላይ ሲወጡ የተሻገሩት የእንጨት ደረጃ ብቻ አልነበረም።

መድረኩ ሲከፈት ቁልፉ በማን እጅ ነበር?

በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ ቴአትር እንደገና ነፍስ ዘራ። በዚያው ዓመት የወጣውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ ቴአትራቸው የተከለከለባቸው እኚሁ ተክለ ሐዋርያት መሆናቸው የታሪክ ምፀት ነው። መድረኩን ግን የያዙት ሌሎች ናቸው። ከእነርሱ ዋነኛው ከጎጃም ደብረ ኤልያስ የቅኔ ቤት የወጡት ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ነበሩ። የቤተ ክህነቱን ትምህርት ወደ ትምህርት ቤት መድረክ አምጥተው፣ ምክርንና የአገር ፍቅርን በቅኔ ለውሰው አቀረቡ። ካህናቱ የራሳቸውን ቋንቋ ሲሰሙ ጥርጣሬው ላላ። በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ አቶ መኮንን ሀብተ ወልድ ያቋቋሙት የሀገር ፍቅር ማኅበርም ዘፈንና ንግግርን ሕዝብ መቀስቀሻ አደረገው። ትናንት ነውር የተባለው ዛሬ የአገር አገልግሎት ሆነ።

ይሁንና አንድ ነገር ልብ እንበል። በሩ የተከፈተው ቁልፉ በመንግሥት ኪስ እንዳለ ነው። በ1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ በዓል የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር) የመጀመሪያ ጨዋታው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ንጉሥ ዳዊት የወታደሩን ሚስት ቀምቶ ባሏን ለሞት የዳረገበት ታሪክ፣ ከዳዊት ዘር ነኝ በሚል ንጉሠ ነገሥት የበዓል ቀን ቀረበ! ይህን ሌላ ሰው ጽፎት ቢሆን ምን ይደርስበት ነበር? ደራሲው ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ነበሩ። ቁልፉን የያዘ ሰው በየትኛውም በር ይገባል።

ቁልፍ ያልያዘው ደግሞ እንዴት እንደሚሆን ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ያውቁታል። ጣሊያን ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የገደላቸውን አቡነ ጴጥሮስን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በተባለው ቴአትራቸው መድረክ ላይ ሲያቆሙ ሰማዕቱን ጳጳስ በተዋናይ አካል ማየት ሃይማኖትን እንደማያረክስ አሳይተዋል። ነገር ግን ስለ ዘመኑ የጻፉት ሲመጣ በንጉሡ ጊዜ የሳንሱር መቀስ፣ በደርግ ጊዜ ክልከላና ያለ ፍርድ እስራት ደርሶባቸዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሳንሱር ክልክል ነው ቢልም ከዚያ ወዲህ በጻፈው የታሰረና አገር ጥሎ የወጣ ጸሐፊ አልጠፋም። ጸጋዬም ሕይወታቸው ያለፈው በ1998 ዓ.ም. በስደት ኒውዮርክ ነው።

«የሠለጠነው ዓለም»ስ?

ይህ የእኛ ኋላ ቀርነት ብቻ ነው የሚል ካለ ወደ እንግሊዝ ይመልከት። እዚያ ከእ.ኤ.አ. 1737 እስከ 1968 ድረስ ማንኛውም አዲስ ቴአትር የቤተ መንግሥቱ ሹም ሳይፈቅደው አይታይም ነበር። ሕጉ የወጣው ጠቅላይ ሚኒስትሩ በመድረክ መቀለጃ መሆናቸው ስላንገበገባቸው ነው። በእ.ኤ.አ. 1892 የኦስካር ዋይልድ «ሰሎሜ» የመጽሐፍ ቅዱስ ሰዎችን በመድረክ ታሳያለች ተብላ ተከልክላለች።  እዚሁ አጠገባችን ካርልተን ባለው ላ ማማ ቴአትር እንኳ በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መጨረሻ «ኖርም ኤንድ አህመድ» ሲታይ፣ የአንድ ነጭ አውስትራሊያዊና የአንድ ፓኪስታናዊ ተማሪ የሌሊት ጭውውት ባለጌ ቃል አለበት ተብሎ አዘጋጁና ተዋናዩ ፍርድ ቤት ቀርበዋል። ላ ማማ ግን ከክሱም፣ በእ.ኤ.አ. 2018 ከደረሰበት ቃጠሎም ተርፏል።

ደሴት ላይ ያለ ሕዝብ

ውድ አንባቢያን፣ ተክለ ሐዋርያት ከጣሊያን ወረራ በኋላ ረጅሙን የስደት ዘመናቸውን ያሳለፉት በማዳጋስካር ደሴት ነው። እኛም ያለነው ደሴት ላይ ነው። አውስትራሊያ በባሕር የተከበበች ስለሆነች ብቻ አይደለም። በሌላ ሕዝብ መካከል ያለ ትንሽ ማኅበረሰብ ራሱ ደሴት ነው። ፉትስክሬይ ላይ የተነገረ ነገር ሳይመሽ ሰንሻይን ይደርሳል። ሁሉም ሰው ይተዋወቃል፣ ሁሉም ሰው የአንዱ አበ ልጅ ወይም የዕቁብ ጓደኛ ነው። በዚህ ዓይነት ቦታ መድረክ ላይ ስግብግብ ጅብ ቢወጣ አሥር ሰው «እኔን ነው» ብሎ ይቆጣል። የአዲስ አበባው ሹም ፍርሃት እዚህ በእያንዳንዳችን ልብ ተቀምጧል።

ልዩነቱ አንድ ነው። እዚህ የሚከለክል ንግሥት የለችም፤ ሳንሱር የሚባል መሥሪያ ቤትም የለም። ከልካዮቹ እኛው ነን። በ1984 ዓ.ም. የተከፈለው ሲኖዶስ በ2010 ዓ.ም. እስኪታረቅ ድረስ በውጭ ያለን ምእመናን በየቤተ ክርስቲያኑ ተለያይተን ስንኖር፣ «የእነዚያ ነው» የተባለ ዝግጅት ሁሉ ሳይታይ ይፈረድበት ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የፈሰሰው ደም ደግሞ በአንድ ማዕድ የበሉትን ሰዎች በአንድ አዳራሽ ለመቀመጥ እንኳ አስቸግሯቸዋል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ጨዋታ አያምረኝም ቢል እንረዳዋለን፤ የሃይማኖት አባቶችም የከበረው ነገር እንዳይቀለድበት ቢጠነቀቁ ትክክል ናቸው። ግን ሐዘንን ማክበርና ጥያቄን ማፈን አንድ አይደሉም።

ታሪኩ የሚያስተምረን በር የሚከፍተው ምን እንደሆነም ጭምር ነው። ዮፍታሔ ካህናቱን አልሸሿቸውም፤ በቋንቋቸው አናገሯቸው እንጂ። እኛም ድርሰቱን ከመድረክ በፊት ለካህኑም፣ ለሼሁም፣ ለፓስተሩም፣ ለእናቶችም እናንብብላቸው። ይህን የምናደርገው ለማስፈቀድ ሳይሆን ለማወያየት ነው። ቀኑን ከጾሙም ከረመዳኑም ጋር እናስማማ። ሰንደቅ ዓላማው የሚያጋጨን ከሆነ መድረኩ ለአንድ ምሽት በመጋረጃው ብቻ ይጊጥ። እዚህ ተወልደው አማርኛቸው የሚሰናከል ልጆቻችን አፍ የሚፈቱበት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የት ይገኛል? ወላጆቻቸው ስለምን እንደሚኮራረፉ የሚጠይቁበትስ?

በዘውዲቱ ዘመን አውሬዎቹን የፈሯቸው በአውሬዎቹ ውስጥ ራሳቸውን ያዩ ሰዎች ናቸው። ነገ በሜልበርን አንዱ መድረክ ላይ የሚቆመው ጅብ እኛን ቢመስለን ወንበራችንን ትተን ከመውጣት እስከ መጨረሻው ብናየው ይሻላል። ምናልባት ከጅቡ ቀጥሎ የምትመጣው ያቺ ሣር የበላች አህያ ትሆናለች፤ እሷም እኛን ትመስል ይሆናል።

ቸር እንሰንብት።