ባክቴሪያ አይጨነቅም

ባክቴሪያ አይጨነቅም። ጭንቀት ነገን የሚያስብ ፍጡር ነገር ነው። ሆኖም በጤና ምክሮችና በፊት ቅባት ማስታወቂያዎች ላይ በእንግሊዝኛ «ኦክሲዴቲቭ ስትሬስ» ለሚባለው «የኦክሲጅን ጭንቀት» የሚል ሐረግ እየተለመደ መጥቷል። የባሰው «ኦክሲዴቲቭ ጭንቀት» ነው፤ ግማሹ ሳይተረጎም ቀርቷል፣ ግማሹ ተሳስቶ ተተርጉሟል። አንባቢው ሴሉ ኦክሲጅን አጥሮት የተጨነቀ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ኦክሲጅን ሴል ውስጥ እንደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያሉ ቁጡ ውላጆች ይተዋል፤ ሴሉ ሊያመክናቸው ከሚችለው በላይ ሲበዙ ፕሮቲኑም ዲኤንኤውም ይጎዳል። ስም ያጣንለት ይህ ነው።

ጨነቀ ከሚለው ግስ ጭንቅም ጭንቀትም ይወጣሉ፤ አንዱ የምጥ፣ ሌላው የስጋት ቃል ነው። ሁለቱም «ጨነቀኝ» የሚል ባለቤት ይሻሉ። አንዳንዶች «ውጥረት» ይላሉ። ወጠረ ጥሩ ግስ ነው፤ የከበሮ ቆዳ ይወጠራል፣ የድንኳን ገመድም ይወጠራል። ነገር ግን ውጥረት ከሁለት ወገን የሚጎትት ይፈልጋል፤ ቃሉንም የድንበርና የዲፕሎማሲ ዜና ወስዶታል። እኔ የምመርጠው «ጫና» ከጫነ የወጣ ነው። ጭነት ይመዘናል፣ ይከብዳል፣ ይቀልላል፤ ተሸካሚው ወይ ይችለዋል ወይ ይጎብጣል። «የሥራ ጫና» ሲባል የሚደናገር የለም።

የምን ጫና? እኔ «የዝገት ጫና» እላለሁ። ዝገት ኦክሲጅን በብረት ላይ የሚሠራው ሥራ ስለሆነ አማርኛ ለዚህ ኬሚስትሪ ቃል አጥቶ አያውቅም። «ጭንቅላቴ ዛገ» የሚል ሰውም ቃሉን ከብረት አልፎ ወስዶታል።

ቃሉን በኢ. ኮላይ እንፈትነው። ይህች ባክቴሪያ ያለ ብረት አትራባም። ኦክሲጅን ባለበት ውሃ ግን ብረት ይዝግና እምብዛም አይሟሟም፤ በደማችን ፈሳሽ ክፍል ውስጥ ያለውን ደግሞ ትራንስፈሪን የተባለው ፕሮቲን አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ኢንተሮባክቲን የሚባል ሞለኪውል ወደ ውጭ ትሰዳለች፤ ብረቱን ፈልቅቆ ይዞላት ይመለሳል። የዚህ ዓይነቶቹ ሲደሮፎር ይባላሉ፤ በግሪክኛ «ብረት ተሸካሚ» ማለት ነው። ብረት የሚሸከምማ ትራንስፈሪንም አለ፤ እነዚህስ «ብረት ቃራሚ» ቢባሉ ይሻላል።

ብረት ሲበዛ ደግሞ ሌላ መዘዝ ይመጣል። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሄንሪ ፌንተን እ.ኤ.አ. በ1894 እንዳሳወቀው፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጥቂት ብረት ሲያገኝ ታርታሪክ አሲድን በኃይል ያዝጋል። በሴል ውስጥም ከሁለቱ ግንኙነት ዲኤንኤን የሚበጣጥስ ሃይድሮክሲል ራዲካል ይወለዳል። እንግዲህ ብረት መቃረምና ዝገት መከላከል የሚተዳደሩት ተያይዘው ነው። ቃርሚያውን የሚቆጣጠረው ፕሮቲን «ፈር» ይባላል። ስሙ የእንግሊዝኛ ምሕጻር ቢሆንም በእኛ ጆሮ የማረሻ ፈር ነው፤ ሥራውም ብረት ፈሩን እንዳይለቅ መጠበቅ ነው። ብረት ሲሞላ ፈር ብረቱን ይዞ ዲኤንኤው ላይ ይቀመጥና የመቃረሚያ ጂኖችን ይዘጋል፤ ብረት ሲጎድል ይለቃቸዋል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲመጣ ደግሞ ኦክሲአር የተባለው ፕሮቲን ራሱ ዝጎ ይነቃል። ከዚያም ብረት የሚያከማቸው ዲፒኤስ፣ ፐርኦክሳይዱን የሚሰባብረው ካታሌዝ፣ ፈርም ጭምር እንዲበዙ ያዛል። እስቲ አሁን «ዝጎ ይነቃል» ያልኩትን በ«ጭንቀት» ለመናገር ሞክሩ!

«ዝገት የብረት ብቻ ነው፤ ፕሮቲንና ስብ አይዝጉም» የሚል ይኖራል። ቃል ግን ይሰፋል። በግእዝ ብርት መዳብንና ናስን ይጠራ ነበር፤ ብረት ሐፂን ነበር፣ ትግርኛም እስካሁን ሓጺን ይላል። የመዳቡን ስም ለብረት የሰጠነው እኛው ነን፤ ያሳሳተው ሰው የለም። «ኦክሲጅን» ራሱ በግሪክኛ «አሲድ ወላጅ» ማለት ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቮዋዚዬ ስሙን ያወጣለት አሲድ ሁሉ ኦክሲጅን እንዳለው አምኖ ነበር፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ግን የለውም። ስሙ ሳይንሱን አላሰናከለም።

የዝገት ትልቁ ብልጫው ቤተሰብ ያለው መሆኑ ነው። ኦክሲዴሽን ዝገት፣ አንቲኦክሲደንት ፀረ ዝገት፣ ኦክሲደንት አዛጊ ይሆናል። በር የሚበይደው ሰው አንቲረስት የሚለውን ቀለም ሁላችንም ስለምናውቀው ፀረ ዝገት ማብራሪያ አይጠይቅም። «አዛጊ» ብቻ እንቅልፍ የመጣበትን ሰው ያስታውስ ይሆናል፤ እሱን ዐረፍተ ነገሩ ይለየዋል።