ጉልበቱ ከልጅቷ ነው

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዘመኑ በፈረንጆቹ 1908 ነው፤ አገሩ ዴንማርክ። ቪጎ አንድሬሰን የሚባል የጥርስ ሐኪም ሴት ልጅ ነበረችው። የታችኛው መንገጭላዋ ወደ ኋላ የቀረ ስለነበር አባቷ ራሱ ሽቦ አስሮ ያክማታል። የበጋው ዕረፍት ደረሰና ልጅቷ ከቤት ርቃ ልትሰነብት ሆነ። ሽቦው ቢላላ ማን ያይላታል? አባት ሽቦውን ፈታ። በምትኩ ማታ ማታ የምታጠልቀው፣ ስትነክስበት የታችኛውን መንገጭላዋን ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ፊት የሚያሳርፍ ልል ነገር ሠራላት። ሐሳቡ የተገኘው ለውጥ ባለበት እንዲቆይ ብቻ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ልጅቷ ስትመለስ ግን ንክሻዋ ተስተካክሎ አገኘው።

ሐኪሞች ይህን ታሪክ ሲያወጉ መሣሪያውን ያደንቃሉ። እኔ የማደንቀው ልጅቷን ነው። አባቷ አጠገቧ አልነበረም። ያ ነገር ደግሞ የሚስብ ሽቦ ወይም የሚጎትት ላስቲክ የለውም፤ በራሱ ቅንጣት ጉልበት የለውም። መንገጭላ ወደ ፊት ሲቀመጥ ጡንቻዎች ወደ ለመዱት ቦታ ሊመልሱት ይታገላሉ፤ ጥርሱን የሚገፋው ያ ትግል ነው። ስለዚህ ጉልበቱ የልጅቷ ነው፤ ማታ ወደ አፏ የመክተቱ ፈቃድም የእሷ ነው። አንድሬሰን በኋላ ኦስሎ ገብቶ ከኦስትሪያዊው ካርል ሆይፕል ጋር ሥራውን አሳደገው፤ መሣሪያውም አክቲቬተር ተባለ።

አሁን ሰባ ዓመት ያህል ተሻግረን ስኮትላንድ እንግባ፤ ከርኮዲ ከተማ፣ 1977። ዊልያም ክላርክ የሚባል የጥርስ አስተካካይ ሐኪም የሙያ ባልደረባው ልጅ ይመጣበታል። ልጁ ወድቆ የፊት ጥርሱ ከቦታው ወጥቶ ተመልሶ ተተክሎለታል። የላይኛው ጥርሱ ገጣጣ ስለነበር የታችኛው ከንፈሩ ከጥርሶቹ ጀርባ እየገባ የተተከለውን ጥርስ ይገፋዋል፤ ጥርሱ እንዴት ይጽና? ማታ ብቻ የሚደረግ ነገር አይበቃም። ቀንም ሌሊትም፣ ሲበላም ሲናገርም ከአፉ የማይወጣ መሆን አለበት። ክላርክ አንዱን ድፍን መሣሪያ ለሁለት ከፈለው፤ አንዱ ለላይ፣ አንዱ ለታች። ተዳፋት ያላቸው ጉብታዎች ስላሏቸው ልጁ አፉን በገጠመ ቁጥር የታችኛው መንገጭላው በተዳፋቱ ላይ ተንሸራትቶ ወደ ፊት ይመጣል። በዘጠኝ ወር ውስጥ በላይና በታች የፊት ጥርሶቹ መካከል የነበረው ርቀት ከ9 ሚሊሜትር ወደ 4 ወረደ። ትዊን ብሎክ የተወለደው እንዲህ ነው፤ ዛሬ ብሪታንያ ውስጥ ከዚህ ዓይነት መሣሪያዎች ሁሉ በብዛት አገልግሎት ላይ የሚውለው እሱ ነው።

የእህቴ ልጅ አፍ ውስጥም የገባው እሱ ነው፤ ለንደን ውስጥ። በእንግሊዝ የመንግሥት ሕክምና የፊት ጥርሱ ርቀት ከ9 ሚሊሜትር ያለፈ ልጅ ከአምስቱ የችግር ደረጃዎች በመጨረሻው ይመደባል፤ ዕድሜው ከ18 በታች ከሆነ በነፃ ይታከማል። ልጅቷ የፕላስቲኩን ቀለም እንድትመርጥ ተጠየቀች፤ ሐምራዊ አለች። ያቺን ጥያቄ ትንሽ ነገር አድርጋችሁ እንዳታዩብኝ! በጠቅላላው ሕክምና ውስጥ ለእሷ ብቻ የተተወች የመጀመሪያዋ ውሳኔ ናት።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው፤ ይህን የሚደብቅ ሐኪም ወላጅን አይጠቅምም። ምራቅ አፍ ይሞላል፤ ምክንያቱም አፍ የገባበትን ባዕድ ነገር እንደ ምግብ ይቆጥረዋል። ጉንጭና መንገጭላ ያማል። ምላስ ቦታ ታጣለች፤ ልጅቷም ኮልታፋ ሆነች። አዲስ አበባ ያለችው አያቷ በስልክ ሰምታ፣ «ምነው የኔ እመቤት፣ ምን ሆነሽብኝ ነው?» ብላ ደነገጠች። ልጅቷ ስልኩን ለእናቷ አቀብላ ክፍሏ ገባች። ከዚያ ወዲያ ለጥቂት ቀናት አማርኛ አልተናገረችም፤ የእንግሊዝኛው ስሕተት ብዙ አይሰማም ብላ።

እህቴ ያደረገችው ይህን ነው። ማታ ማታ አጠገቧ ተቀምጣ ፊደል አስቆጠረቻት፤ ያውም የሚያስቸግሯትን ረድፎች እየመረጠች፤ ሰ፣ ሸ፣ ዘ፣ ጨ፣ ጸ። ጮክ ብላ፣ ቀስ ብላ። ሐኪሞችም የሚመክሩት ጮክ ብሎ ማንበብን ነው፤ ምላስ አዲሱን ቤቷን የምትለምደው በሥራ ብቻ ነውና። ሁለተኛው ሳምንት ሳያልቅ አያቷን ራሷ ደወለችላት።

ምግብ ሌላ ጣጣ ነው። የእሷ ሐኪም ስትበላም አታውልቂ ብሏታል፤ አንዳንዱ ሐኪም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለምግብ ማውለቅን ይፈቅዳል። ቤታችን ታድሎ ለስላሳ ምግብ አያጣም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ፍትፍት፣ ገንፎ። የተከለከለው ቆሎና ቋንጣ ነው፤ ፕላስቲኩን ይሰብራሉ። እንግዳ መጥቶ በጉርሻ አፏን ሲሞላባት ግን ልጅቷ እንባዋ መጣ። እህቴ ያለ ይሉኝታ፣ «ጉርሻው ትንሽ ይሁን፣ አፏ ውስጥ ዕቃ አለ» አለች። ልጅን በእንግዳ ፊት መከላከል ከመድኃኒት አያንስም።

ድዷ ሲቆስል እህቴ ለብ ባለ የጨው ውኃ አጉመጠመጠቻት፤ ፕላስቲኩን በሞረድ ለመፋቅ ግን አልሞከረችም፤ ያ የሐኪሙ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። ስለቆሰለች ብሎ መሣሪያውን አስወልቆ ቀጠሮ መጠበቅ አይረዳም። ከቀጠሮው ዋዜማ ጀምሮ ካደረገችው ሐኪሙ የሚፍቀውን ቦታ ከቁስሉ አንብቦ ያስተካክለዋል። ማጠቢያው ቀዝቃዛ ውኃና ብሩሽ ነው፤ ሙቅ ውኃ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። መሣሪያው ለዋና ሲወልቅ ማረፊያው ጠንካራ ሣጥን እንጂ ሶፍት አይደለም፤ በሶፍት የተጠቀለለ መሣሪያ መጨረሻው የቆሻሻ ቅርጫት ነው። የጠፋውን ለመተካት ደግሞ መንግሥት ያስከፍላል።

በፈረንጆቹ 2003 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ከ11 እስከ 14 ዓመት የሆኑ 215 ልጆችን ተከታትሎ ነበር። ትዊን ብሎክ ከተሰጣቸው 33.6 በመቶው ሳይጨርሱ አቋረጡ። ከጥርስ ጋር ተጣብቆ በእጅ የማይወልቀው ሄርብስት ከተሰጣቸው ያቋረጡት 12.9 በመቶ ናቸው። ከትዊን ብሎኮቹ ከሦስት አንድ ልጅ! እኔ ይህን ቁጥር የልጆች ስንፍና ነው ብዬ አላነበውም። ብቻቸውን የተተዉ ልጆች ቁጥር ነው ብዬ እሰጋለሁ።

ምክንያቱም የእህቴም ቤት አንድ ጊዜ እዚያ ደርሷል። እናት በየሰዓቱ «አድርገሻል?» ስትል፣ ልጅ «አዎ» እያለች በትምህርት ቤት ኪሷ ውስጥ ማቆየት ጀመረች። ሐኪሙ በቀጠሮ ቀን መሣሪያውን አይቶ አወቀ። ሳይቆጣ ልጅቷን ብቻዋን ጠየቃት፤ ክፍል ውስጥ ጮክ ብላ ማንበብ እንደምታፍር ነገረችው። በፈረንጆቹ 2019 የታተመ ጥናት በቀን 12 ሰዓት ያደረጉና 22 ሰዓት ያደረጉ ልጆችን አነጻጽሮ ውጤታቸው ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል። ሐኪሙም ከእሷ ጋር ተዋዋለ፤ ከትምህርት ቤት መልስ እስከ ጠዋት፣ ሳታጎድል። ሰዓቱን የምትጽፈው እሷ ሆነች፤ እህቴም መጠየቅ አቆመች። መሣሪያው ላይ ያለውን፣ የላይኛውን መንገጭላ የሚያሰፋ ብሎን በትንሽ ቁልፍ ማዞር የአባቷ ድርሻ ሆነ።

አባቷ፣ «አጥንቱ ነው እንግዲህ የሚያድገው?» ብሎ ሐኪሙን ጠየቀ። መልሱ ቀና ነበር፤ ከለውጡ አብዛኛው የጥርስ መንቀሳቀስ ነው፣ የአጥንቱ ድርሻ ጥቂት ነው። የወጡ የፊት ጥርሶች ግን ሲገቡ ልጅ ወድቆ ጥርሱን የመጉዳት ዕድሉ ይቀንሳል፤ የከርኮዲውን ልጅ የደረሰበት ዓይነት ጉዳት።

ከሳምንታት በኋላ ልጅቷ ጥርሷን ልትቦርሽ አውልቃ መንገጭላዋን ወደ ኋላ ለመመለስ ብትሞክር አልመች አላት። «እማ፣ አልመለስ አለኝ!» ብላ ጮኸች። ያ ጡንቻው አዲሱን ቦታ መልመዱ ነበር። አሁን የፊት ጥርሶቿ ገብተዋል፤ የጎን ጥርሶቿ ገና አልገጠሙም፣ ይህም የሚጠበቅ ነው። ቀጥሎ የሚታሰረው ብሬስ ነው። ሐኪሙ የብሬሱን ላስቲኮች ቀለም ሲጠይቃት እናቷን ዞር ብላ ሳታይ መለሰችለት።