ባለቤት የሌለው ዐረፍተ ነገር

የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲገባ ጭነት ብቻ አላመጣም፤ «ለገሀር» የሚለውንም የሰፈር ስም ትቶልናል። «ላ ጋር» በፈረንሳይኛ ጣቢያው ማለት ነውና። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ያስተምር ነበር።

በዚያ ዘመን ፈረንሳይኛ የቆጠረ ተማሪ ባለቤቱ ማንም ያልሆነ ዐረፍተ ነገር ሳይገጥመው አልቀረም። «ኢል ፕለ» ይዘንባል ማለት ነው፤ «ኢል» እሱ ቢሆንም እሱ የተባለ ግን የለም። «ኢል ፎ» ያስፈልጋል፣ ይገባል ነው። «ኦን ዲ» ደግሞ ይባላል። ይህ «ኦን» ከላቲኑ «ሆሞ»፣ ማለትም ከ«ሰው» የወረደ ቃል ነው። ለእኛ ሰው ይህ እንግዳ ሊሆን አይችልም፤ «ሰው ምን ይላል?» ስንል ማንን ማለታችን ነው?

እንዲያውም አማርኛ በዚህ ረገድ ከፈረንሳይኛ ይብሳል። ፈረንሳዩ «ረኀብ አለኝ» በሚልበት ቦታ እኛ «ራበኝ» እንላለን፤ አድራጊው አይታወቅም፣ የሚታወቀው ተራቢው ነው። «በረደኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «ደከመኝ» ሁሉ እንደዚሁ ናቸው። ዛሬ በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤት የደረሰውም ሰው «ዕጣ ወጣልኝ» ይላል፤ ያወጣው እጅ አይነሣም። በዚህ የሚጎዳ የለም።

ጉዳት የሚመጣው አድራጊው እያለ ሲሰወር ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ወራት፣ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት» ይባል ነበር። እዚህ ላይ ግሡ «ተ»ን ለብሷል፤ በባለቤቱ ወንበር የተቀመጠው ሰው ሳይሆን «እርምጃ» ነው። የሟቹ ድርሻ በግሡ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለች «በት» ብቻ ናት። የገዳይ ስም የሚገባበት ቦታ ግን ከነጭራሹ የለም። እናት ልጇን የነጠቃትን ሰው ብትፈልግ ከዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አታገኘውም።

አንባቢ ሆይ፣ ጥፋቱ የሰዋስው አይደለም። ቋንቋ ለዝናቡም ለረኀቡም ይህን መንገድ ከፍቷል፤ ሥልጣን ግን መሸሸጊያ አደረገው። «ዘነበ» ሲባል ማን አዘነበ ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። «እርምጃ ተወሰደ» ሲባል ግን «በማን?» ማለት የታሪክ ጸሐፊ የመጀመሪያ ሥራው ነው።